የሚጠፋውን ክፍል ይምረጡ

በኮምቦልቻ ለአንድ ግቢ የሚሰጠው አንድ ዲስክ ነው። የሚቀመጠው በግቢው መግቢያ፣ ከመብራት ቆጣሪው ጎን ባለ የብረት ሳጥን ውስጥ ነው። ግቢው ውስጥ ስምንት ቤተሰብ ይኑር ሃያ፣ ዲስኩ አይጨምርም። በውስጡ ለእያንዳንዱ ነዋሪ ክፍል ተከፍሎለታል። ክፍሉ ማለት ሰውየው ማለት ነው። የልደቱ ማስረጃ፣ የሕክምናው ታሪክ፣ የጡረታው መዝገብ፣ የአውቶቡስ በር የሚከፍትለት ፈቃድ፣ ሁሉም እዚያ ነው ያለው። ሰው ጠዋት ከግቢው ሲወጣ ሳጥኑን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ ያልፋል። መታ ማድረጉ ምንም አይሠራም። ቢሆንም ሳይነካው የሚወጣ የለም።

በየአምስት ዓመቱ እድሳት ይደርሳል። አዲስ ሲስተም ይመጣል፤ አዲሱ ከአሮጌው ይከብዳል፤ አሮጌውም ለጥንቃቄ ተብሎ አይነሳም። ዲስኩ ደግሞ ሙሉ ነው። በእድሳቱ ቀን የግቢው ተረኛ ከሳጥኑ ፊት ይቆማል፣ ስክሪኑም ይበራል። ሰባት መስመር ጽሑፍ ይወጣል። ዋናው «አዲሱ ሲስተም የሚገባበትን ክፍል ይምረጡ» የሚለው ነው። ከሥሩ የነዋሪዎቹ ስም ተደርድሯል።

የተመረጠው ክፍል ምን እንደሚሆን ከሰባቱ መስመር አንዱም አይናገርም።

በዚህ አገር ደጁ ድረስ የመጣን እንግዳ «ጎረቤቴ ጋ ሂድና እደር» የሚል ሰው የለም። አልጋውን ይለቅለታል፣ እሱ ፍራሽ ዘርግቶ መሬት ይተኛል። ተረኛውም ስክሪኑ ፊት ሲቆም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ጎረቤቶቹ ከኋላው ቆመው እያዩት የሌላ ሰው ስም መንካት ነውር ይሆንበታል፤ የራሱን ይነካል። ትንሽ ቢጠበኝ ነው፣ ምን አላት፣ ብሎ ያስባል። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሲስተሙ ይገባል። ተረኛው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የለም። ቆሞ ይታያል፣ ጎረቤቶቹም «እግዜር ይስጥልን» ይሉታል፤ ከሰዓት በኋላ ጤና ጣቢያ ሲሄድ ግን በሩ አያውቀውም።

የእድሳት መሥሪያ ቤቱ ይህን አሳምሮ ያውቃል። በየዓመቱ የሚያወጣው ዘገባ ከአሥር ተረኞች ሰባቱ የራሳቸውን ክፍል እንደሚመርጡ ይገልጻል። ርዕሱ «የኅብረተሰቡ ፈቃደኝነት» ይላል። ይህን ርዕስ ያወጣው ሰው አልተቀጣም። የመምሪያ ኃላፊ ሆነ።

ምዕራፍ ጓንጉል የምትሠራው እሱ ሥር ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፣ የስክሪን ጽሑፍ አዘጋጅ ናት። ሰባቱን መስመር የምትጽፈው እሷ ነች። ካለፈው እድሳት ወዲህ አንድ መስመር ለመቀየር ስትከራከር አምስት ዓመት ሞላት። ልታስገባ የፈለገችው መስመር «በመረጡት ክፍል ያለው ሁሉ ለዘለቄታው ይጠፋል» የሚል ነው። አሥራ አራት ጊዜ ማመልከቻ ጽፋለች። አንዱ መልስ መስመሩ ረዝሟል አላት። ሌላው ሕዝብ ያስደነግጣል አላት። ሦስተኛው መልስ ሐሳቡን አድንቆ «ይጠፋል» የሚለው ቃል «ይታደሳል» በሚለው ቢተካ መልካም ነው አለ። ያን ዕለት የቢሮዋን ወንበር ረግጣ ሰብራለች፤ ስብራቱ እስከ ዛሬ በገመድ ታስሯል።

ይህ ሁሉ ቁጣ ከየት መጣ ቢባል፣ ከመምህር እንግዳው ነው። መምህር እንግዳው የግቢያቸው ነዋሪ፣ የሒሳብ መምህር ነበር። ያለፈው እድሳት ተረኛ እሱ ነበር። እየሳቀ የራሱን ስም ነካ። በማግስቱ የትምህርት ቤቱ በር አልከፍት አለው። ሰባት ወር ሙሉ ምስክር ሲያሰባስብ፣ ቅጽ ሲሞላ፣ ወረፋ ሲጠብቅ ከረመ። በመጨረሻ አውቶቡስ ስለማይቀበለው በእግሩ ወደ እህቱ አገር ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው አልተሰማም። ያን ቀን ያነበባቸውን ሰባት መስመሮች የጻፈቻቸው ምዕራፍ ናት። ከኋላው ቆማም አጨብጭባለታለች።

ሌላም ጥያቄ ነበራት። በድሮው ሲስተም «ሁሉንም ክፍሎች በጥቂቱ አጥብብ» የሚል ምርጫ ነበር። ከእያንዳንዱ ሰው ክፍል ጥቂት ጥቂት ቆርሶ፣ ማንንም ሳያጠፋ፣ ለአዲሱ ሲስተም ቦታ ያበጅ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ይፈጃል። ይህ ምርጫ ከስክሪኑ ላይ የተነሣው ዘጠኝ ሰዓት ስለሚፈጅ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም፤ ሌላ ምክንያት አለ የሚል ካለ ይዋሻል።

በዚህ ዓመት እድሳቱ ወደ ግቢያቸው ሲቃረብ የምዕራፍ ክርክር መልኩን ለወጠ። ነገሩ እናቷ ላይ ደርሷል።

እናቷ ወይዘሮ አትጠገብ ሠላሳ አንድ ዓመት የኮምቦልቻ ባቡር ጣቢያ አስተዋዋቂ ነበሩ። የትኛው ባቡር መጣ፣ የትኛው ቀረ፣ የማን ሻንጣ ጠፋ፣ ሁሉንም በማይክ የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። ባቡር ሲዘገይ ማይኩን ሳያጠፉ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያወራሉ፣ ይሳደባሉ፣ ያማሉ፤ ተሳፋሪው ባቡሩን ረስቶ እሳቸውን ያዳምጥ ነበር። በሕጉ መሠረት ያ ሁሉ ንግግር ተቀድቶ በክፍላቸው ተቀምጧል። የዛሬ ሁለት ዓመት ስትሮክ መታቸውና አንደበታቸው ተዘጋ። አሁን ደረታቸው ላይ የቁልፍ ያህል መሣሪያ አለ። ጉሮሯቸው ለመናገር ሲንቀሳቀስ መሣሪያው ቃሉን ከዚያ ከሠላሳ አንድ ዓመት ንግግር ፈልጎ ያወጣዋል። አንዳንዴ «ሹሮውን አውርጂ» የሚለውን በባቡር ማስታወቂያ ዜማ ይለዋል። ድምፁ ግን የራሳቸው ነው፤ ነገረኛነቱም የራሳቸው ነው።

ድምፅ ብዙ ቦታ ይይዛል። በግቢው ካሉት ክፍሎች ሁሉ ትልቁ የወይዘሮ አትጠገብ ነው። ከሰባቱ መስመር ስድስተኛው ደግሞ «በአሥር ደቂቃ ውስጥ ካልተመረጠ ትልቁ ክፍል ይወሰዳል» ይላል። ይህ መስመር ማንንም አስጨንቆ አያውቅም ነበር። አንዱ በይሉኝታ ቸኩሎ ሳይነካ አሥር ደቂቃ ያለፈበት ግቢ አልነበረም።

ምዕራፍ በሳምንታዊው ስብሰባ ላይ ተነሣች። የያዘችው ወረቀት በኮምቦልቻ ብቻ ክፍላቸው የጠፋባቸውን ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች ስም የያዘ ነው። ማንበብ ጀመረች። አርባ ስም ላይ ስትደርስ አንዱ አፉን ሸፍኖ አዛጋ። ሰማንያ ላይ ስትደርስ ጸጥ አሉ። መቶ ሃያ ላይ ስትደርስ ኃላፊው ዶክተር ናሁሰናይ እጁን አነሣ።

«መስመርሽ ይግባ» አለ። «በኮምቦልቻ በአሥራ ሁለት ግቢ እንሞክረዋለን። ያን ዘጠኝ ሰዓት የሚፈጅ ነገር ግን ደግመሽ እንዳታነሺብኝ።»

«ዶክተር፣ መስመሩ ብቻውን ምን ያደርጋል? ወደፊት ገደል አለ ብሎ ሰሌዳ ተክሎ መንገዱን አለመቀየር ነው።»

«ምዕራፍ፣ አምስት ዓመት ሙሉ ግልጽነት ግልጽነት ስትይ ሰማሁሽ። ይኸው ግልጽነት ሰጠሁሽ። አሁን ደግሞ ምርጫ ትይኛለሽ?»

ስብሰባው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ ግን ወረቀቱን አጣጥፋ ተቀመጠች። ያገኘችውን ይዛ መውጣት ይሻላል ብላ አሰበች። ሰው ምን እንደሚጠፋበት ካወቀ በአንድ ላይ እምቢ ይላል፤ እምቢታው ከበዛ መሥሪያ ቤቱ ይገደዳል፤ ይህ ነበር ስሌቷ። እምቢ ማለት ራሱ በስክሪኑ ላይ እንደሌለ፣ እምቢ ያለ ግቢ ትልቁን ክፍል እንደሚያስበላ የምታውቅ ሴት እንዴት እንዲህ አሰበች? የተማረ ሰው ሞኝነት እንዲህ ነው። የጻፈውን ዓረፍተ ነገር መውደዱ ዓይኑን ይጋርደዋል።

ከአሥራ ሁለቱ ግቢዎች አንዱ የእነሱ ሆነ። እድሳቱ ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። ምዕራፍ ሰኞ ዕለት የክፍሎቹን መጠን አየች። አዲሱን ሲስተም ለመያዝ የሚበቃ ስፋት ያላቸው ሦስት ክፍሎች ብቻ ናቸው። አንዱ የእናቷ ነው። ሁለተኛው የእትዬ ሐያት ነው፤ ሕፃን በአሳዳጊው ክፍል ስለሚመዘገብ እሳቸው ከሰባት የልጅ ልጆቻቸው ጋር አንድ ክፍል ነው ያላቸው። ሦስተኛው የጋሽ ዘርጋው ነው። ጋሽ ዘርጋው ጡረታ የወጡ የባቡር ነጂ ናቸው፤ የነዱት ጉዞ ሁሉ በሕግ እስከ ዕለተ ሞታቸው በክፍላቸው ይቀመጣል። የምዕራፍ የራሷ ክፍል ትንሽ ነው። የሠራተኛ መዝገብ በመሥሪያ ቤቱ ስለሚቀመጥ ሳጥኑ ውስጥ ያላት ከሌላው ሰው እጅግ ያነሰ ነው። በእናቷ ፈንታ እንዲወሰድ የራሷን ለማስፋት አመለከተች። በአንድ ሰዓት ውስጥ «አይቻልም» ተባለች።

ለእናቷ ስትነግራቸው ወይዘሮ አትጠገብ እግራቸውን ለብ ባለ ውኃ ነክረው ተቀምጠው ነበር።

«እና ሐሙስ ልጠፋልሽ ነው?» አሉ።

«እማ፣ ቀልድ አይደለም።»

«እኔ ምን አልኩ? ሠላሳ አንድ ዓመት ለፍልፌያለሁ። ሕዝቡ በቃሽ ካለኝ በቃኝ ነው።»

«አይበቃሽም» አለች ምዕራፍ።

የሐሙሱ ተረኛ ጋሽ ዘርጋው ናቸው። ረቡዕ ከሥራ እንደወጣች ቤታቸው ሄደች። ልታስረዳቸው ነበር የሄደችው። ሻይ ቀዱላት። የስኳር ሕመምተኛ ስለሆኑ የራሳቸውን ያለ ስኳር፣ የእሷን በሦስት ማንኪያ አደረጉት፤ ለሁለቱም የሚሆነውን ጣፋጭ አንቺ ጠጪልኝ እያሉ። በየሐሙሱ ከሰዓት በኋላ ከጤና ጣቢያው መስኮት ኢንሱሊናቸውን እንደሚወስዱ፣ ነገም ከእድሳቱ በኋላ እዚያው እንደሚያልፉ ነገሯት። ተራው ስለደረሳቸው ደስ ብሏቸዋል። ለግቢው አንድ ነገር ላድርግ እንጂ፣ እንዲሁ በልቼ ልሞት ነው ወይ፣ አሉ።

የነገው ስክሪን አዲስ መስመር እንዳለው ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። መስመሩ ምን እንደሚል ልትነግራቸው ይገባ ነበር። የመምህር እንግዳውን ነገር ልታነሣ ይገባ ነበር። አልተናገረችም። አዛውንቱ በልማዳቸው፣ ሳያነቡ፣ እየሳቁ የራሳቸውን ስም ቢነኩ እናቷ ይተርፋሉ። አምስት ዓመት የታገለችለት መስመር በነገው ዕለት የማይነበብ ሆኖ እንዲያልፍ ሻይዋን እየጠጣች ተመኘች። ብርጭቆውን ጨርሳ፣ እግዜር ይስጥልኝ ብላ ወጣች።

ሐሙስ ጠዋት ግቢው ተሰበሰበ። አንዳንዱ በርጩማ ይዞ መጣ። እትዬ ሐያት ዳቦ ጋግረው በመሶብ አምጥተዋል፤ በእድሳት ቀን ተረኛውን ባዶ አፉን መመለስ የለም። ወይዘሮ አትጠገብ ከቆጣሪው ሥር ወንበር ተደረገላቸው። ምዕራፍ ከጋሽ ዘርጋው ጀርባ፣ ሁለት ክንድ ያህል ራቅ ብላ ቆመች። በሦስት ሰዓት ስክሪኑ በራ፣ ከላይ በጥጉ ደቂቃው መቁጠር ጀመረ።

ጋሽ ዘርጋው መነጽራቸውን አወጡ።

ምዕራፍ የዘነጋችው ይህን ነው። የባቡር ነጂ ምልክት ሳያነብ አይነቃነቅም። ያውም በልቡ አያነብም፤ ምልክቱን በጣቱ እያመለከተ ጮክ ብሎ ይጠራል፣ ከዚያ ነው ባቡሩን የሚያንቀሳቅሰው። ጋሽ ዘርጋው ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ነድተዋል። አሁንም ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ ቀስረው ከመጀመሪያው መስመር ጀመሩ። አንዱን ጠሩ። ሁለተኛውን ጠሩ። ሦስተኛውን «በመረጡት ክፍል ያለው ሁሉ ለዘለቄታው ይጠፋል» ብለው ምልክት በሚጠሩበት በዚያ ድምፃቸው ለግቢው ሁሉ አሰሙ። እስከ ሰባተኛው ድረስ ሳያቋርጡ ጨረሱና ወደ ሦስተኛው ተመለሱ።

«ይሄ ነገር አዲስ ነው?» አሉ ዞር ብለው።

«መስመሩ አዲስ ነው፣ ጋሼ» አለች ምዕራፍ።

«ነገሩስ?»

«ነገሩ የነበረ ነው።»

«ለእንግዳውም?»

«ለመምህር እንግዳውም።»

ከኋላ ያለው ሰው ተንቀሳቀሰ። እትዬ ሐያት መሶቡን መሬት አስቀመጡ። ጋሽ ዘርጋው ወደ ስክሪኑ ተመለሱ፤ ጣታቸው ወደ ገዛ ስማቸው ሄደ። እጃቸው የለመደው መንገድ ነበር። ስሙ ጋ ሳይደርስ አየር ላይ ቆመ። ጥቂት እዚያው ቆየና ወደ ኪሳቸው ገባ።

«እጄ አልታዘዝ አለኝ» አሉ። ተቆጥተው አይደለም፤ ያፈሩ ይመስላሉ። «ትናንት ቢሆን እነካው ነበር። ትናንት ሻይ ስንጠጣ ቢሆን። አሁን ግን ጠራሁት። ጠርቼው እንዴት አልፋለሁ?»

ስድስት ደቂቃ ቀርቷል። ይህ ግቢ ሰርግና ልቅሶ አብሮ ያየ፣ አንድ ቆጣሪ ተካፍሎ ሳይጣላ የኖረ ግቢ ነው። አሁን ሁሉም መሬት መሬት ያያል። እትዬ ሐያት የሰባቱን የልጅ ልጆቻቸውን ስም እያነሡ ከራሳቸው ጋር ያወራሉ፤ ማንም አልጠየቃቸውም፣ እሳቸው ግን ለሁሉም ይመልሳሉ። ከዚያ አንድ ሰው ቀና አለ። ሌላውም ቀና አለ። ስድስተኛውን መስመር ሁሉም ሰምቶታል። ትልቁ ክፍል የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ዝም ካሉ ማንም ምንም ሳያደርግ ነገሩ ያልቃል። ዓይኖች አንድ በአንድ ወደ ቆጣሪው ሥር፣ ወደ ወይዘሮ አትጠገብ ዞሩ።

«ምን ታፈጡብኛላችሁ? ሙሽራ ነኝ?» አሉ ወይዘሮ አትጠገብ። ማንም አልሳቀም። «ተዉት ይቁጠር። ዘርጋው፣ ና ተቀመጥ፤ እግርህ ያብጣል።»

ጋሽ ዘርጋው ግን አልተቀመጡም። «አትጠገብ፣ ይቅር በይኝ» አሉ።

«ምን አድርገህ ነው ይቅር የምልህ? አንድ ቀን እንኳ ባቡር በሰዓቱ አምጥተህ አታውቅም፣ እሱን አልፌልሃለሁ።»

ምዕራፍ ወደ ስክሪኑ ሄደች። የራሷን ስም ነካች። ክፍሏ ስለማይበቃ ስሙ ደብዛዛ ነው፤ አልበራም። እንደማይበራ ታውቅ ነበር። ደግማ ነካችው። ሦስተኛ ጊዜ በጡጫ መታችው። ሁለት ደቂቃ ቀርቷል። ወደ ጎረቤቶቿ ዞራ ጮኸች። ሁላችሁም ጥቂት ጥቂት ብትለቁ የሚበቃበት መንገድ ነበር፣ አጥፍተውታል፣ እኔ ለምኛለሁ፣ አልሰሙኝም አለች። ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ነበር የሚፈጀው አለች። ንግግሯ ሁሉ እውነት ነበር፤ ለማንም ግን በዚያች ሰዓት አይጠቅምም።

አንድ ደቂቃ ሲቀር የጋሽ ዘርጋውን ስም ነካች።

ስክሪኑ መስመሯን መልሶ አወጣላት። «በመረጡት ክፍል ያለው ሁሉ ለዘለቄታው ይጠፋል። ይቀጥል?» የገዛ ዓረፍተ ነገሯ ነው። ጥርት ያለ ነው፤ አንድ የሚያሻማ ቃል የለበትም። አነበበችው። «ይቀጥል» የሚለውን ነካች።

ከጀርባዋ ጋሽ ዘርጋው «ኧረ ልጄ» ሲሉ ሰማች። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉት፣ ስክሪኑን አዩ። ስማቸው ከዝርዝሩ ወጥቷል። ሲስተሙ «ተጠናቋል፤ እናመሰግናለን» አለ።

«ምዕራፍ» አሉ እናቷ። መሣሪያው ስሟን በማስታወቂያ ዜማ አላወጣውም፤ ቀስ ብሎ አወጣው። «ምን አደረግሽ?»

ከሰዓት በኋላ ቢሮ ተጠራች። ዶክተር ናሁሰናይ ከአሥራ ሁለቱ ግቢዎች የመጣውን ውጤት ዘርግቶ ጠበቃት። በሰባቱ ግቢዎች ማንም ሳይነካ አሥር ደቂቃው አልፎ ትልቁ ክፍል ተወስዷል። በአራቱ ግቢዎች ተረኛው መስመሩን አንብቦ፣ ምን እንደሚጠፋ አውቆ፣ የራሱን ነክቷል። እነዚህ አራት ሰዎች እነማን እንደሆኑ ማንም አልጠየቀም። በአንድ ግቢ፣ እድሳት ከተጀመረ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሰው እያወቀ የሌላ ሰው ክፍል አጥፍቷል። ያ ግቢ በሰንጠረዡ ላይ በቀይ ተከብቧል።

«መስመርሽ ጎረቤትን ከጎረቤት አጋጨ» አለ ዶክተሩ። «ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፤ ይኸው።»

እሷም መስመሩ ምንም አላጋጨም፣ ያጋጨው ሌላ ምርጫ መታጣቱ ነው አለች። ሰባቱን ግቢ አየህ፣ አራቱን አየህ፣ እነሱ ምን አጠፉ አለች። አንተ ማለቷን እንኳ አላስተዋለችም። እሱ አልተቆጣም። ጣቱን ቀዩ ክብ ላይ አድርጎ እስክትጨርስ ጠበቃት። ከክቡ ሥር የነካው ሰው ስም ተጽፏል።

መስመሩ ከስክሪኑ የተነሣው በዚያው ሳምንት ነው። የማንሻ ደብዳቤው የአዘጋጇን ፊርማ ይጠይቃል፤ ፈረመች። ቅጣት አልተቀጣችም። ሕጉ ተረኛ ብቻ ይንካ አይልም፣ የማንን ስም ይንካም አይልም። በቀጣዩ ወር በአገሪቱ ሁሉ እድሳቱ በአሮጌው ስክሪን ቀጠለ። ተረኞች እየሳቁ የራሳቸውን ስም እየነኩ ነው፤ ጎረቤቶቻቸውም እያጨበጨቡላቸው። ዘንድሮም ዘገባው ፈቃደኝነት ይለዋል።

ክፍል የጠፋበት ሰው አዲስ ክፍል የሚከፈትለት በሦስት ምስክር ነው። ጋሽ ዘርጋው ሁለቱን ወዲያው አገኙ፤ አንዷ እትዬ ሐያት ናቸው። ሦስተኛው ምስክር ሰውየውን ከሃያ ዓመት በላይ የሚያውቅ መሆን አለበት። የግቢው ጎረቤቶች ካወቋቸው ሃያ ዓመት አልሞላም፤ ከባቡር ጣቢያ ባልደረቦቻቸው በሕይወት ያሉት ወይዘሮ አትጠገብ ብቻ ናቸው።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ለሁለት ሐሙስ ኢንሱሊኑን ደብቃ አምጥታ ሰጠቻቸው። በሦስተኛው ሐሙስ አስጠነቀቋት። አሁን የጋሽ ዘርጋው ቀኝ እግር ጫማ አይገባም። ወይዘሮ አትጠገብ በየቀኑ ጠዋት ክንዳቸውን ይዘው ይወስዷቸዋል፣ ከኋላው ሰው ከሌለበት፣ ራሱ ከሚናገረው የምስክር መቀበያ መስኮት ፊት ወንበር ያስቀምጡላቸዋል፣ እሳቸው ቆመው ይናገራሉ። ማታ ሲመለሱ ደረታቸው ላይ ያለውን መሣሪያ ነቅለው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡታል። ለምዕራፍ ከዚያች ሐሙስ ወዲህ አንዲት ቃል አልተናገሯትም። ምግብ ሲቀርብላቸው ይበላሉ፣ ሳህኑን ያጥባሉ፣ ይተኛሉ።

ምዕራፍ አንድ ጠዋት ከሥራ ቀርታ ተከተለቻቸው። ወረፋው ረጅም ነው፤ ሁሉም የጠፋ ሰው ወይም የጠፋ ሰው ዘመድ ነው። ተራቸው ሲደርስ ወይዘሮ አትጠገብ ወደ መስኮቱ ቀረቡ። ዘርጋው ወንድይፍራው ይባላል አሉ። የአዋሽን መስመር ሠላሳ አንድ ዓመት ነድቷል አሉ። ሚስቱ የሞተችበትን ቀን፣ በማግስቱ የነዳውን ባቡር ቁጥር፣ ሾላ ሜዳ ላይ ጎርፍ ሐዲዱን ሲወስደው ሦስት መቶ ሰው ይዞ እንዴት እንደቆመ ተናገሩ። ወረፋው ሁሉ ያዳምጣል።

«ድምፁ የሰው አይደለም» አለ መስኮቱ። «እባክዎ ምስክር ያቅርቡ።»

ምዕራፍ ሰው ገፍታ ወደ መስኮቱ ደረሰች። እኔ ምስክር ነኝ፣ ከተወለድኩ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ አለች፤ መዳፏንም መስታወቱ ላይ አሳረፈች። መስኮቱ ለጥቂት ጊዜ አሰበ።

«ክፍሉን ያጠፋ ሰው ምስክር መሆን አይችልም። እባክዎ ምስክር ያቅርቡ።»

ጋሽ ዘርጋው ወንበራቸው ላይ ሆነው «ተይው ልጄ፣ ሂጂ ሥራሽ» አሏት። እናቷ አላዩዋትም። በክርናቸው ከመስታወቱ ፊት ገለል አደረጓት፣ መሣሪያውን ደረታቸው ላይ አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ዘርጋው ወንድይፍራው ይባላል» አሉ። «የአዋሽን መስመር ሠላሳ አንድ ዓመት ነድቷል።»